ለዕድራችን የመረጥኩት የካባ ለባሹ ዜማ

ነገሩ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋ ደብቆ ዕቃ ማሞገስ የእኔ ጠባይ አይደለም፣ ቢያንስ ከሰዓት በፊት። የአንድ ባለ ጎማ ትልቅ ስፒከር ዋጋ ሄዷል። የዕድር ንብረት ኃላፊነቴ ሄዷል። ከንፈሬ አብጦ ሁለት ሳምንት ሻይ በቀሰም ጠጥቻለሁ። ጉርድ ሾላ ላይ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ስሜም የለም። ስሜን የወሰዱት ልጆች ናቸው። ባትሪ ሊገዙ ሲመጡ ሱቄ በር ላይ ቆመው «ካባ ለባሹ አለ?» ይላሉ። ከዚያ ያቺን ዜማ ባፍንጫቸው ያንጎራጉሩልኛል። ባትሪውን እሰጣቸዋለሁ። ምን አደርጋለሁ?

ካባ ለባሹን ለማታውቁ፤ በቴሌቪዥን የሚመጣ የባዕድ አገር ጀግና ነው። ይበራል፣ ግድግዳ ይንዳል፣ የሰው መኪና በአንድ እጁ አንስቶ ይወረውራል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ አያውቅም። ትልቋ ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለች ተጀመረ፤ ዘንድሮ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ እሱ ገና አላለቀም። በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ይሞታል። ይህ ነገር እስከ ደረሰብኝ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ሞቶ ነበር። ዕድር ቢኖረው ኖሮ ዕድሩን ይበትነው ነበር።

እኔ ፊቱን አይቼው አላውቅም ብል አታምኑኝም። ማታ ቤት ስገባ ለቴሌቪዥኑ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ደንበኛ የመለሰልኝን የተበላሸ ሶኬት እየፈታሁ ነው የማመሸው። ባለቤቴ ጥሩወርቅና ሁለቱ ልጆቼ ያያሉ፤ እኔ እሰማለሁ። ዘጠኝ ዓመት ስትሰማ ደግሞ ማየት አያስፈልግህም። ከበሮው ቆርቆሮ ከጭነት ላይ እንደሚራገፍ ከሆነ ጠብ ተነስቷል። ፒያኖ ብቻውን ጠብ ጠብ ካለ አንዷን ሊስማት ነው፤ ያን ጊዜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ቤቱ ውስጥ ልጆች አሉ። የውሃ ፓምፕ ሊቃጠል ሲል የሚያወጣው ዓይነት ወፍራም ድምፅ ከመጣ ክፉው ሰውዬ ደርሷል። ሙዚቃውን የደረሰው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ነጋዴ ነው። አንዷን ዜማ አንድ ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ በፍጥነት፣ አንድ ጊዜ በዋሽንት አድርጎ ዘጠኝ ዓመት ሸጣት። ዕቃው አንድ ነው፤ ካርቶኑን ነው የሚቀያይረው። አደነቅኩት።

ከሁሉ ግን አንዲት ዜማ ነበረች። ቫዮሊን በሚመስል ነገር በቀስታ ትጀምራለች፤ የጠዋት ጉም ሜዳ ላይ ሲተኛ ዓይነት ነገር። እሷ ስትመጣ ቤቴ ልቅሶ ይሆናል። ጥሩወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትይዛለች፣ ልጆቹ ይነፋረቃሉ። እኔ ሰው ሲያለቅስ መቀመጥ አልችልም፤ የውጭውን በር ቆልፌ ልምጣ ብዬ እወጣለሁ። በዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ወጥቻለሁ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዕድራችን። የምኖረው ጎሮ ነው። ዕድራችን ድብልቅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስም አለ፣ መስጊድ የሚሄድ አለ፣ ጴንጤ አለ። ጎሮ የጤፍ ማሳ ሳለች ጀምሮ የኖሩ የኦሮሞ ቤተሰቦች አሉ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ፣ እንደ እኔ ያለ ነጋዴም አይጠፋም። የሚያስማማን ሞት ብቻ ነው።

ሞትን የሚነግሩን ጋሽ ቱሉ ነበሩ። የዚያው የመንደሩ ተወላጅ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ የተሠራው ድሮ እሳቸው ባረሱት መሬት ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ጥሩምባ ነፍተዋል። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይወጣሉ፤ አንድ ጊዜ ይነፋሉ፤ ከዚያ በየበሩ ቆመው የባለቤቱን ስም ይጠራሉ። ከውስጥ «ሰምቻለሁ» ካልተባሉ ንቅንቅ አይሉም። እኔን አንድ ቀን ሽንት ቤት ሆኜ «ሰምቻለሁ» አስብለውኛል።

ግን ሰባ አምስት ዓመት ሞላቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ አራት ፎቅ ነው። ጥሩምባው ላይኛው ፎቅ ሲደርስ ትንኝ ይሆናል። ሰው ቀብር መቅረት ጀመረ፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተቀጣ ያጉረመርማል። ስብሰባ ተጠራ።

ሊቀመንበራችን አቶ ታደሰ ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡት እሳቸው ናቸው እንጂ ደንባቸው አልወጣም። «አማራጭ ያለው እጁን ያውጣ» አሉ። እጄን አወጣሁ።

«ጋሽ ቱሉ ትልቅ ክብር ይገባቸዋል» አልኩ። ነጋዴ ሰውን ከቦታው ሊያስለቅቅ ሲል በክብር ነው የሚጀምረው። «ትንፋሻቸውም ይረፍ። እኔ ከሱቄ ስፒከር በነጻ እሰጣለሁ፤ በፒካፔም እየዞርኩ እለፍፋለሁ።»

ጭብጨባ ሆነ። ስፒከሩ ሁለት ዓመት መደርደሪያዬ ላይ አቧራ የጠጣ መሆኑን ያወቀ የለም። ያልተሸጠው ለምን እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም፤ ሙዚቃው ከፍ ሲል ማይኩ ይታፈናል። ለዕድር ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ በሚቀጥለው ምርጫ የአቶ ታደሰ ወንበር ታይቶኝ ነበር።

ጋሽ ቱሉ ጥሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት። «ስፒከሩ ሰው ያውቃል?» አሉ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ሁለት ሰፈር አልፎ ይሰማል እኮ!» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ቀጥሎ የሙዚቃው ክርክር መጣ፤ ሰው እንዲነቃ ከስሙ በፊት አንድ ነገር መሰማት አለበት። በገና ይሁን ሲባል የመስጊዶቹ ሰዎች ዝም አሉ። ዝምታቸው በቂ ነበር። መዝሙር ሲባል የማን መዝሙር ተባለ። አንዱ ዘፈን ሲል አቶ ታደሰ ከቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰረዝ አዘዙ። ቃል የሌለው፣ ሃይማኖት የሌለው፣ ሰምቶ ግን ሆድ የሚባባለት ነገር ከየት ይምጣ? ሰው ሁሉ ጣራ ጣራ አየ። እኔ ብቻ ፈገግ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ቤቴን ያስለቀሰች ዜማ በጆሮዬ ነበረች።

በማግስቱ ሱቄ አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው ሳሚ ዘንድ ሄድኩ።

«ያቺን ካባ ለባሹ ሲሞት የምትመጣዋን በፍላሽ አውጣልኝ።»

«ጋሼ፣ እርስዎም ያያሉ እንዴ?»

«ለዕድር ነው።»

እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። «ለዕድር? ጋሼ፣ ይሄ እኮ...»

«እኮ የለም» አልኩት። እኔ ባደግኩበት ገበያ «እኮ» ያለ ሁሉ ዋጋ ሊጨምር ነው። «የተነጋገርነውን ትወስዳለህ፣ አለቀ።»

«ዋጋው አይደለም፣ መጨረሻ ላይ እኮ...»

«መጨረሻ ላይም አልጨምርም!»

ትከሻውን ነቀነቀና ጫነልኝ። ሱቅ ወስጄ ሞከርኩት። እኛ ነጋዴዎች ስፒከር የምንሞክረው አንድ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ደንበኛው ኮንሰርት መስሎት ይቀመጣል። አንድ ደቂቃ ሰማሁ፤ ሆዴ ባባ፤ አጠፋሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አቶ ደጀኔ ዐረፉ።

አቶ ደጀኔን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያውቋቸዋል። ግቢያቸው ከኳስ ሜዳው ጋር ይዋሰናል፤ አጥራቸውን ተሻግሮ የገባ ኳስ ተመልሶ አያውቅም። ወዳጃቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ ቱሉ። እሑድ ከሰዓት ሁለቱ በረንዳ ላይ ዳማ ይጫወታሉ፤ አንዱ ሲረታ ሌላው እስከሚቀጥለው እሑድ አያናግረውም።

ጎህ ሲቀድ ስፒከሩን ፒካፑ ላይ ጫንኩና ወጣሁ። ማይኩ በእጄ፣ መሪው በሌላው እጄ። ቫዮሊኑ ጀመረ። ጭር ያለው ጎሮ ላይ ያ ድምፅ ሲፈስ እኔ ራሴ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መስኮቶች ተከፈቱ። እሰይ፣ ይሄ ነው ሥልጣኔ፣ አልኩ።

ከዚያ አንድ ደቂቃው አለፈ።

መጀመሪያ ከበሮ መጣ፤ ልብ ሲመታ ዓይነት፣ ድም፣ ድም። ቀጥሎ ሌላ ከበሮ። ቀጥሎ መለከት፣ አንድ ሳይሆን የአንድ ጦር ሠራዊት መለከት። ትንሽ ሞቅ ይላል አልኩ በልቤ፤ ግን አቶ ደጀኔም ትልቅ ሰው ነበሩ፣ አይበዛባቸውም። ማይኩን ከፍቼ «አቶ ደጀኔ ስላረፉ» አልኩ። ታፈነ። ጮኽኩ። ታፈነ። ማጥፊያው ስፒከሩ ጀርባ ላይ ነው፤ ስፒከሩ ጭነቱ ላይ ነው፤ ሪሞቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ባትሪ ግን የለውም። ባትሪ የምሸጠው ሰው እኔ ነኝ።

ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴትዮ ብቅ አለች። እኛ አካባቢ እንዲህ በመኪና እየጮኸ የሚዞረው ቤት ሻጭ ነው።

«ባለ ስንት መኝታ ነው?» አለችኝ።

«አቶ ደጀኔ ናቸው!» አልኩ አንገቴን አውጥቼ።

«ቅድሚያው ስንት ነው ታዲያ?»

ነዳሁ። በመስታወት ወደ ኋላ ባይ ልጆች ይከተሉኛል። ሦስት ነበሩ፣ ሰባት ሆኑ፣ ኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ሁሉም አንገታቸው ላይ ፎጣ አስረዋል፤ አንዱ የእናቱን የጠረጴዛ ልብስ ነው ያሰረው። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይሮጣሉ። ለሟች ክብር ነው ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ እንደዚያ ብዬ አሰብኩ።

ከሰዓት በፊት ድንኳኑ ሞላ፤ ወሬው በስልክ ከአፍ ወደ አፍ ደርሶ ነበር። ስፒከሩን ጀርባውን ከአጥሩ አጣብቄ ድንኳኑ ጥግ አቆምኩት፤ ከበሮው ሳይመጣ እንዳጠፋው አሁን ሪሞቱ አዲስ ባትሪ ገብቶለታል፣ ግን በደስታ ቸኩዬ ገልብጬ ነው ያስገባሁት። አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል አቶ ታደሰ በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝ። ከፈትኩት።

ቫዮሊኑ ላይ ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። የሟች ባለቤት እትዬ ጽጌ ደረታቸውን ያዙ። ሳጥኑ በስድስት ሰው ትከሻ ላይ ከበሩ ብቅ አለ። ድም፣ ድም አለ ከበሮው።

አጥሩ ላይ ፎጣ ያሰሩ ልጆች እንደ ወፍ ተደርድረዋል። አንዱ ትንሽ ብድግ አለ።

«ሊነቃ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ሊነቃ ነው! ሊነቃ ነው!» አለ አጥሩ በሙሉ።

መለከቱ ፈነዳ። የሚያስለቅሱት ሴትዮ ግጥማቸው መሐል ላይ ቀጥ አሉ። ከተሸካሚዎቹ የፊተኛው ወደ ላይ ሳጥኑን አየ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ መምህር ነው፣ ግን አየ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ስፒከሩ አዞሩ። አቶ ታደሰ በሹክሹክታ «አጥፋው!» አሉኝ፤ ሪሞቱን እንደ መቁጠሪያ እጫነዋለሁ። ከአጥሩ ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ በእውነተኛ ፍርሃት፣

«ሳይነቁ ኳሶቻችንን እናውጣ!»

በመጨረሻ ገመዱን በጥርሴ ጭምር ነቀልኩት። ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እትዬ ጽጌ ቀና ብለው ሳጥኑን አዩትና «አይነቃም፣ ልጆቼ» አሉ። ከዚያ አለቀሱ፤ ያሁኑ ልቅሶ ሙዚቃ አልነበረውም።

ቤት ስገባ ትንሿ ልጄ ቤዛ ጠበቀችኝ። ቪዲዮው ስልኳ ላይ ቀድሞኝ ደርሷል።

«አባዬ፣ ያ እኮ ሲሞት ሳይሆን ሲነሳ ነው የሚመጣው።»

«እናንተ ግን ታለቅሳላችሁ።»

«መጀመሪያ እናለቅሳለን፤ ከዚያ ይነቃል፣ ከዚያ እንጨፍራለን። አንተ ሁልጊዜ በር ልትቆልፍ ትወጣለህ።»

ጥሩወርቅ ከጓዳ «ዘጠኝ ዓመት በር ሲቆልፍ!» አለች። ሌላ አላለችም፤ ዛሬም ድረስ የምትለው እሱኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳቅ ነበር፣ እኔም አብሬ ስቄ እተወው ነበር። ግን ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስም ሲጠራ አቶ ታደሰ «ቱሉ» አሉ። መልስ የለም። ደግመው «ቱሉ» አሉ። ሁላችንም ዞር ዞር አልን። እሳቸው ቀርተው አያውቁም፤ እንዴት ይቀራሉ፣ ሰውን ለቀብር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በወሬው መሐል ለእሳቸው የደወለ የለም፤ ስልክ የላቸውም፣ ደግሞም ጋሽ ቱሉ ሞት አይሰሙም ብሎ ማን ያስባል? አቶ ታደሰ ከስማቸው ፊት ምልክት አደረጉ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ጽጌ ዘንድ አግዳሚ ወንበር ስቆጥር ጋሽ ቱሉ በሩ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል፣ በእጃቸው የዳማውን ሰሌዳ ይዘዋል።

«ጽጌ፣ አልሰማሁም» አሉ።

«አንተ ካልሰማህ ማን ይሰማል፣ ቱሉ?»

«መኪናውን ሰምቼዋለሁ። ቤት የሚሸጡ መስሎኝ በሬን ዘጋሁ።» ሰሌዳውን ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ዛሬ እሑድ ነው፣ ልጫወት ብዬ ስመጣ ድንኳኑን አየሁ። ዋቃዮ፣ አምላኬ! ማን ሞተ ብዬ ሕፃን ልጅ ጠየቅኩ።»

ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ ሞት የነገሩ ሰው የጓደኛቸውን ሞት ከሕፃን ልጅ ነው የሰሙት። ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን እንደገና መቁጠር ጀመርኩ፤ ስንት እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ቀጣዩ ስብሰባ ላይ አቶ ታደሰ የቀሩትን ስም አነበቡ። ጋሽ ቱሉ ተነስተው ከጋቢያቸው ሥር ቅጣታቸውን አወጡ።

«የእሳቸው ቅጣት የእኔ ነው» ብዬ ተነሳሁ።

«ቁጭ በል» አሉ አቶ ታደሰ፤ «አንተ የራስህ አለህ፣ ተራህን ጠብቅ።»

ተራዬ ሲደርስ ከንብረት ኃላፊነት ተነሳሁ። ስለ ማይኩ ራሴ ተናገርኩ፤ ያልተሸጠው ለምን እንደሆነ፣ ለዕድር ይበቃል እንዳልኩ ሁሉ። ከኋላ አንዱ «ለእኔም ማቀዝቀዣ ሸጦልኛል!» ብሎ ጮኸ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚያ ጋሽ ቱሉ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ይመለሱልን።»

«ትንፋሽ የለኝም፣ ልጄ። እውነትህን ነበር።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ጥሩምባውን ከወንበራቸው ሥር አወጡና ዘረጉልኝ። «አንተ ትንፋሽ አለህ። ስብሰባ ላይ ሰምቼሃለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተቀበልኩ።

ጥሩምባ መንፋት በጉንጭ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ያወጣሁት ድምፅ ጥጃዋ የጠፋባትን ላም የሚመስል ነው፤ የጎረቤት ውሾች መለሱልኝ። ከንፈሬ አበጠ። ጥሩወርቅ በመስኮት ብቅ ብላ «ይሄኛው ሞተ ወይስ ነቃ?» ትላለች። ጋሽ ቱሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ሆዴን ይነካሉ።

«ከዚህ! ሙዚቃ አታድርገው። አንድ ጊዜ ጮኸህ ታቆማለህ። የቀረውን የሚናገረው ሰው ነው።»

አሁን ሰው ሲሞት ሁለታችን እንወጣለን። እኔ ከታች እነፋለሁ፤ እሳቸው ደረጃው ሥር ቆመው ስም ይጠራሉ። አራተኛ ፎቅ ካልሰማ እኔ እወጣለሁ። ያቺ ቅድሚያ ክፍያ የጠየቀችኝ ሴትዮ ዘንድ ሁለቴ ወጥቻለሁ፤ «ሰምቻለሁ» ትላለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ልጆቹ ፎጣ አስረው ከኋላችን ይሰለፋሉ፤ ጋሽ ቱሉ ዞር ሲሉ ግን ፎጣቸውን ይደብቃሉ። እትዬ ጽጌ ኳሶቹን በጆንያ አውጥተው ለልጆቹ ሰጥተዋል፤ ግማሾቹ ተንፍሰዋል።

በቀደም ማታ ካባ ለባሹ ዐሥረኛ ጊዜ ሞተ። ቫዮሊኑ መጣ፣ እነ ጥሩወርቅ ማልቀስ ጀመሩ። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሬ እስከ መጨረሻው አየሁ። ነቃ።

እንግዲህ ቀሪው ይኸው ነው፤ ስፒከሩ አንድ፣ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ተመልሶ፣ «ማይኩ ይታፈናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት፤ ጥሩምባ አንድ፣ እኔ ጋ፤ የዳማ ሰሌዳ አንድ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚዘረጋ። በስድስት እሑድ ስድስቱንም ተረትቻለሁ።